12,000 ወታደር በ12 መንኮራኩር ይጫናል ወይ? ስለ ጦር ማጓጓዝ ስሌት የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው፦ «የሳይንስ ልቦለድ እየጻፍኩ ነው። ጸዳል ወደምትባል ፕላኔት የሚዘምት 12,000 ተዋጊ ያለው ክፍለ ጦር አለኝ። ጉዞው 40 ቀን ይፈጃል። አንድ መንኮራኩር 1,000 ሰው ይይዛል። ጦሩ እያንዳንዱ 50 ቶን የሚመዝን 60 ተራማጅ መድፍና 900 ቀላል ተሽከርካሪ አለው። ሁሉም በማያልቅ ባትሪ ይሠራሉ። መንኮራኩሮቹ መሬት አይነኩም፤ ከላይ ወደ ታች የሚያወርዱ 24 ጀልባዎች አሉ። አንዷ ጀልባ 80 ሰው ወይም 20 ቶን ትይዛለች፤ ጭና፣ ወርዳ፣ አራግፋ ለመመለስ 4 ሰዓት ይፈጅባታል። ጦሩ በአንድ ሌሊት እንዲወርድ እፈልጋለሁ። 12 መንኮራኩር ይበቃል ብዬ ጽፌ ነበር፤ ረቂቁን ያነበበ ጓደኛዬ አይበቃም አለኝ። እንዴት ነው የሚሰላው?»

እህቴ፣ ጓደኛሽ ልክ ነው፤ አይበቃም። በሰጠሽው ቁጥር ስሠራው ወደ 40 መንኮራኩር ይመጣል። ቁጥሩን ብቻ ነግሬሽ ብተወው ግን ነገ የጀልባዋን አቅም ወይም የጉዞውን ርዝመት ስትለውጪ ስሌቱ ይፈርስብሻል፤ ስለዚህ አብረሽኝ ሥሪው፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ያዢ። እኔ በጦሩ ውስጥ በስንቅና ትጥቅ ክፍል ለዓመታት ያገለገልኩ ሰው ነኝ፤ ከወጣሁ በኋላም እንጀራዬ ከጅቡቲ ወደብ የሚገባ ጭነት ነው። ስለ ከዋክብት ጉዞ አንቺ ትበልጪኛለሽ። ጓዙን ግን አውቀዋለሁ፤ ጥያቄሽን ሳየውም ደስ አለኝ፣ ስለ ጦርነት ከሚጽፉት ውስጥ ይህን የሚጠይቅ ጥቂት ነውና።

ብዙ ሰው ስሌቱን ከመርከቡ ይጀምራል፤ ስንት መርከብ አለ፣ በእያንዳንዱ ስንት ሰው ይገባል ብሎ ያካፍላል። ሥራው ላይ ያለ ሰው የሚነሣው ከመድረሻው ነው። በስንተኛው ቀን፣ የትኛው ቦታ ላይ፣ ምን ቆሞ መገኘት አለበት? ይህ ከታወቀ በኋላ ወደ ኋላ እየተቆጠረ ይመጣል። ያ እንዲቆም ምን ይወርዳል፤ ያ እንዲወርድ በምን ቅደም ተከተል ይጫናል፤ እንዲጫን ደግሞ መቼ መጋዘን በር ላይ ይደርሳል። አንቺ ድርሰትሽ ውስጥ የዘጋሽው «ጦሩ በአንድ ሌሊት ወረደ» በሚል ዓረፍተ ነገር ነው። እዚያ ዓረፍተ ነገር ላይ ነው ስሌቱ የሚጀመረው።

ከባሕር ማዶ መጥቶ ወደብም መንገድም ወደሌለበት ምድር የሚወርድ ጦር ምን እንደሚመስል ለማየት ሩቅ አትሂጂ፤ በእኛው ታሪክ ውስጥ አለልሽ። በ1868 (ዓመቶቹንና ቀኖቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ጦር ተዋጊው 13,000 ገደማ ነበር፤ የአንቺ ክፍለ ጦር እኩያ ማለት ይቻላል። እነዚያን 13,000 ተከትሎ የመጣው አገልጋይ፣ አጋሰስ ነጂ፣ አብሳይና ተሸካሚ ደግሞ ወደ 26,000 ይጠጋ ነበር። ከብቱ ከ40,000 በላይ ነው፤ በቅሎ፣ ግመል፣ በሬ፣ ከባዱን መድፍ የሚሸከሙ 44 ዝሆኖችም ከሕንድ በመርከብ መጥተዋል። በወረዱባት የቀይ ባሕር ዳርቻ፣ ዙላ ላይ፣ ወደብ ስላልነበረ መርከብ ማስጠጊያ ሠሩ። የሚጠጣ ውኃ ስላልነበረ መርከቦቹ የባሕሩን ውኃ እያፈሉ አጣሩ። ከባሕሩ ዳር እስከ ተራራው ግርጌ ድረስ ሐዲድ ዘረጉ። መቅደላ ከዙላ 640 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ የመጀመሪያው ቡድን በጥቅምት 1867 ወርዶ አምባው የተያዘው በሚያዝያ 1868 ነው። ከዚያ ሁሉ ሰው አምባው ሥር ደርሶ የተዋጋው ጥቂቱ ነበር፤ የቀረው ያንን ጥቂት ለማድረስ በመንገዱ ላይ ተዘርግቶ ነበር።

አሁን ወደ አንቺ ጦር እንግባ። መጀመሪያ ሰዉ። 12,000 ያልሽው ተዋጊውን ብቻ ነው። ሐኪም፣ መካኒክ፣ አብሳይ፣ የመገናኛ ሠራተኛ፣ ጀልባ አብራሪ፣ ጫኝና አውራጅ የት አሉ? ረቂቅሽ ላይ አንድም ጫኝና አውራጅ የለም። ናፒየር ለአንድ ተዋጊ ሁለት ተከታይ አስፈልጎታል። የአንቺ ዘመን ማሽን አለው ብዬ በጣም ቀንሼ፣ ለሁለት ተዋጊ አንድ ደጋፊ ብቻ ልያዝልሽ፤ 6,000። ጠቅላላው 18,000 ሰው ሆነ። በአንድ መንኮራኩር 1,000 ከሆነ ለሰው ብቻ 18።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። 1,000 ሰው ይይዛል ስትዪ ለስንት ቀን ነው? «ክዊን ሜሪ» የምትባለው የእንግሊዝ መርከብ በሰላሙ ጊዜ ሁለት ሺህ ያህል መንገደኛ ነበር የምትይዘው። በ1943 በአንድ ጉዞ ከኒውዮርክ ወደ ስኮትላንድ 16,683 ሰው ጫነች። አልጋው በተራ ነበር፤ አንዱ ሲነሣ ሌላው ይተኛበታል፣ ምግብ በቀን ሁለት ጊዜ። ያ የተቻለው ጉዞው የጥቂት ቀን ስለነበረ ነው። ያንኑ ሰው 40 ቀን እንደዚያ አጭቀሽ ብታመጪው ከጀልባው የሚወርደው ተዋጊ ሳይሆን ታማሚ ነው። ስለዚህ 1,000ውን ለ40 ቀን መተኛ፣ መታጠቢያና ሰውነት ማፍታቻ ያለው አድርጌ ነው የወሰድኩት። ጠበብ አድርገሽ 1,500 ማስገባት ትችያለሽ፤ ግን ለዚያ ወታደሮቹ በመጀመሪያው ሳምንት የሚከፍሉትን ዋጋ ድርሰቱ ውስጥ አሳዪ።

ቀጥሎ ቀለብ። ማሸጊያውን ጨምሮ ለአንድ ሰው በቀን 2 ኪሎ እንያዝ። ለ18,000 ሰው በቀን 36 ቶን ነው። ለ40 ቀን ጉዞ 1,440 ቶን፤ መሬት ላይ ለሚቆዩበት 60 ቀን 2,160 ቶን። ድምሩ 3,600። (60 ቀን ያልኩት እኔ ነኝ፤ አንቺ አልወሰንሽም፣ መወሰን አለብሽ።)

ውኃው ነው ከባዱ። ጸዳል ላይ የሚጠጣ ውኃ አለ ወይስ የለም? ረቂቅሽ ይህን አይልም። ከሌለና ለመጠጥ፣ ለማብሰያ፣ ለሕክምና በቀን ለአንድ ሰው 10 ሊትር ብቻ ብንመድብ በየቀኑ 180 ቶን ነው፤ የቀለቡ አምስት እጥፍ። በ60 ቀን 10,800 ቶን ይሆናል። ከዚህ በታች የማሳይሽ ጭነት ሁሉ ውኃ መሬት ላይ አለ ወይም ማጣሪያ ይዘው ይሄዳሉ በሚል ነው። ከሌለ ግን ጦሩ የሚወርደው ጠላት ባለበት ሳይሆን ውኃ ባለበት ነው፤ የመጀመሪያው ውጊያም በከተማው ሳይሆን በምንጩ ላይ ይሆናል። ዙላ ላይ ብዙ በቅሎ የሞተው ገና ጉዞ ሳይጀመር ነው። ከየአገሩ የተገዙት በቅሎዎች የሚያጠጣቸውና የሚይዛቸው ሰው ሳይዘጋጅ ቀድመው ወረዱ፤ በጥምና በበሽታ ባሕሩ ዳር ወድቀው ቀሩ።

ከዚያ ብረቱ። 60 ተራማጅ መድፍ በ50 ቶን 3,000 ቶን ነው። ቀላሎቹን ተሽከርካሪዎች 8 ቶን ልያዛቸው፤ 900ው 7,200 ቶን። ነዳጅ የላቸውም ብለሻል፤ እሺ ልበልሽ፣ በእውነተኛው ዓለም ግን ጀርባ የሚሰብረው ቦቴው ነው። ያች የባትሪ ዓረፍተ ነገር ስንት መንኮራኩር እንዳስቀረችልሽ እወቂው። ጥይት ግን ባትሪ አይተካውም። መድፉንም ጨምሮ ለአንድ ተዋጊ በውጊያ ቀን በአማካይ 20 ኪሎ ብንል በቀን 240 ቶን ይሆናል፤ ከ60ው ቀን 20ው የውጊያ ቀን ቢሆን 4,800 ቶን። ድንኳን፣ የሜዳ ሆስፒታል፣ ጋራዥ፣ መለዋወጫ፣ የመገናኛ ዕቃ ለሚባለው ሁሉ 2,400 ቶን ጣዪበት። ጠቅላላው 21,000 ቶን ነው። 18,000ው ሰው ግን ከነትጥቁ 120 ኪሎ ብንለው እንኳ 2,160 ቶን ብቻ ይመዝናል። አየሽ፣ አንቺ 12 መንኮራኩር ስትዪ የቆጠርሽው ከጭነቱ ሁሉ አንድ አሥረኛ የማይሞላውን ነው።

ቶን ብቻ ቆጥረሽ እንዳታቆሚ፤ ወለሉም ይቆጠራል። ፍራሽ የጫነ መኪና ሚዛን ላይ ሲወጣ ባዶ ይመስላል፤ ግን አንድ ፍራሽ አይጨመርበትም። ተሽከርካሪም እንደዚያው ነው፤ ክብደቱ ሳይሞላ ቦታው ይሞላል። አንዱ ቀላል ተሽከርካሪ 6 ሜትር በ2.5 ቢሆን 15 ካሬ ነው፤ ሰው ገብቶ የሚያስርበት ክፍተት ስለሚያስፈልግ 18 እንበለው። 900ው 16,200 ካሬ ሜትር ይፈልጋሉ። 60ው መድፍ አንዱ ከነክፍተቱ 48 ካሬ ቢሆን 2,880። ድምሩ 19,080 ካሬ ሜትር ነው። የጭነት መንኮራኩርሽ 3,000 ቶን የሚችልና 2,000 ካሬ ሜትር ወለል ያለው ከሆነ ለተሽከርካሪ ብቻ 10 ያስፈልጉሻል፤ አሥሩም ከሚችሉት ክብደት አንድ ሦስተኛውን ያህል ብቻ ይዘው ይሞላሉ። ለቀረው 10,800 ቶን ቀለብ፣ ጥይትና ዕቃ ደግሞ 4።

እኛ ይህን የምንሠራው በጠመኔ ነበር። መጋዘኑ ወለል ላይ የመኪናውን አልጋ በትክክለኛ ልኩ አስምረን፣ ሣጥኑን፣ በርሜሉን፣ ድንኳኑን ውስጡ እየደረደርን እናየዋለን። ወረቀት ላይ የገባ ነገር ወለሉ ላይ አልገባም የሚልበት ጊዜ ብዙ ነው፤ በርሜል ክብ ነው፣ የድንኳን ምሰሶ ከአልጋው ይረዝማል፣ ጥይትና የሕክምና ዕቃ ጎን ለጎን አይቀመጥም። አንቺም ካርቶን በልክ ቆርጠሽ ጠረጴዛ ላይ ደርድሪው። አንድ ከሰዓት በኋላ ብታጠፊበት መንኮራኩሩ ውስጥ የሚካሄደውን ትዕይንት ዓይንሽን ጨፍነሽ ትጽፊዋለሽ።

እንግዲህ 18 ለሰው፣ 10 ለተሽከርካሪ፣ 4 ለቀረው፤ 32 ሆነ። ግን 32 ተፈልጎ 32 ብቻ አይመደብም። ከአሥር ሁለቱ ጥገና ላይ ናቸው ብለሽ ያዢ፤ ስምንቱ ብቻ ዝግጁ ከሆኑ ዝርዝርሽ ላይ 40 መኖር አለበት። ይህ ከልክ ያለፈ ጥንቃቄ አይደለም። በ1990 አሜሪካ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ጦር ስታጓጉዝ ወታደሩ ባመዛኙ በአውሮፕላን ሲሄድ ታንኩና ጥይቱ በባሕር ነው የሄደው። ለዚህ ሥራ ስምንት ፈጣን የጭነት መርከቦች ነበሯት። ከስምንቱ አንዷ፣ «አንታረስ»፣ የ24ኛውን እግረኛ ክፍለ ጦር ዕቃ እንደያዘች አትላንቲክ መሐል ተበላሽታ ወደ ስፔን ተጎትታ ሄደች። ሰው ደርሶ መሣሪያው ባሕር ላይ የቀረበት ክፍለ ጦር አዛዥ ምን እንደሚሰማው አስቢ። ለአንድ ምዕራፍ የሚበቃ ጭንቀት ነው።

አሁን ወደዚያ ሌሊት እንምጣ። 40 መንኮራኩር አሰባስበሽ ጸዳል ላይ ብታደርሺም ሁሉም የሚያልፈው በ24 ጀልባ ነው። በሥራው ላይ ያየሁት ችግር ሁሉ ማለት ይቻላል ባሕሩ ላይ ወይም መንገዱ ላይ ሳይሆን ይህን በመሰለ ጠባብ በር ላይ ነው የሚነሣው። መርከቡ በጊዜው ደርሶ ክሬን ሲጠብቅ፣ መኪናው ተሰልፎ በር ሲጠብቅ። ከ24ቱ 20ው ዝግጁ ናቸው እንበል። በቀን 20 ሰዓት ቢሠሩ (አብራሪውም ይተኛል፣ ጀልባዋም ትፈተሻለች) አንዷ 5 ቢያጆ ትሠራለች፤ ሁሉም ሲደመሩ በቀን 100 ቢያጆ።

ሰዉን ለማውረድ 225 ቢያጆ ነው። ተሽከርካሪው በ20 ቶን ጀልባ ሁለት ሁለት ይገባል፤ 450 ቢያጆ። በጉዞው የተበላው ቀለብ ሲቀነስ የሚቀረው ዕቃና ጥይት 9,360 ቶን ነው፤ 468 ቢያጆ። ድምሩ 1,143። በቀን 100 ከሆነ አሥራ ሁለተኛው ቀን ላይ ነው የሚያልቀው። ውኃውም ከመንኮራኩሮቹ የሚወርድ ከሆነ ሁሉም ከወረደ በኋላ በየቀኑ 9 ቢያጆ ለውኃ ብቻ ይሄዳል። ይህ ሁሉ ደግሞ ማንም ሳይተኩስባቸው፣ አንዲት ጀልባ ሳትመታ ነው።

ከዚህም በላይ አንድ የሳትሽው ነገር አለ። መድፍሽ 50 ቶን ነው፤ ጀልባሽ 20 ቶን ነው የምትችለው። እነዚያ 60 ተራማጅ መድፎች ባሁኑ ረቂቅሽ ጸዳልን አይረግጧትም። ወይ ፈትተሽ በሦስት ቁራጭ ታወርጃቸዋለሽ፣ ከዚያ መሬት ላይ የሚገጥማቸው ጋራዥ ቀድሞ መውረድ አለበት፤ ወይ አንድ አንድ የሚይዙ ሁለት ትልልቅ ጀልባ ትጨምሪያለሽ፤ ሁለቱ በቀን 10 እያወረዱ በ6 ቀን ይጨርሳሉ። እኔ ብሆን ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ሁለት ብቻ የሆነ ነገር ጠላት የሚፈልገው ዒላማ ነውና ለአንቺ ታሪክ ይጠቅማል።

እና በአንድ ሌሊት ማን ይወርዳል? ሌሊቱ 10 ሰዓት ከሆነ አንዷ ጀልባ ሁለት ሙሉ ምልልስ ትሠራለች፤ በጠቅላላው 40 ቢያጆ። ሰው ብቻ ብታወርጂ 3,200 ሰው ይወርዳል፤ በእግሩ፣ በትከሻው የያዘውን ብቻ ይዞ። ግማሹን ለተሽከርካሪ ብትሰጪ 1,600 ሰውና 40 ተሽከርካሪ ይሆናል። ሲነጋ መሬት ላይ ያለው ይህ ነው፤ ክፍለ ጦሩ ገና ላይ ነው። አዛዥሽ ከሁለቱ የትኛውን መረጠች? ብዙ ሰው አውርዳ ሰፊ ቦታ ያዘች ወይስ ጥቂት ሰው በተሽከርካሪ ልካ ምንጩን ቀደመች? ይህን ምርጫ ከመድረሷ 40 ቀን በፊት፣ መነሻው ላይ ማድረግ እንዳለባትም አትርሺ፤ ምክንያቱም አጫጫኑ የሚወሰነው በዚያ ነው።

አጫጫን ስል አንድ ያየሁትን ልንገርሽ። በሥራዬ መጀመሪያ ዓመታት አንድ ሻለቃ ሲንቀሳቀስ ስምንት ኦራል የጭነት መኪና ያስጫንኩት እኔ ነበርኩ። ክብደቱን አመጣጥኜ፣ ሸራውን አስወጥሬ፣ አንድም ነገር ሳልረሳ ጫንኩ። የድንኳኖቹ ካስማዎች ትንንሽ ሣጥን ውስጥ ስለነበሩ ከታች አደረግኋቸው፤ ከላያቸው 60 ኩንታል ዱቄት ተደረበ። የደረስነው በምሽት ነው፣ ዝናብ እየዘነበ። ልጆቹ ድንኳኑን ዘርግተው ምሰሶውን በእጃቸው ቀጥ አድርገው ይዘው ቆሙ፤ ካስማ የለም። ካስማውን ለማግኘት 60 ኩንታል ዱቄት ጭቃ ላይ መውረድ ነበረበት። ከተደራረቡት ጆንያዎች ሥር ነጭ ውኃ ሲፈስ በባትሪ ብርሃን አየሁ። የዚያን ሌሊት ማንም ደረቅ ቦታ አልተኛም፤ ለሳምንት ያህልም ኮቾሮ፣ ደረቁን የወታደር ብስኩት፣ ነው የበላነው። ከዚያ ወዲህ ዝርዝር ሲሰጠኝ መጀመሪያ የምጠይቀው «ሲደርሱ መጀመሪያ እጃቸው የሚፈልገው ምንድን ነው?» ብዬ ነው። እሱ መጨረሻ ይጫናል።

ትልልቆቹም ሠርተውታል። በ1915 ወደ ቱርክ ዳርቻ፣ ወደ ጋሊፖሊ፣ የዘመተው የእንግሊዝና የአጋሮቿ ጦር መርከቦች መድፉን ከጥይቱ፣ ጋሪውን ከፈረሱ ለያይተው ተጭነው ስለነበር ጠላት ዳርቻ ላይ ሊያራግፉት አልቻሉም፤ ተመልሰው እስክንድርያ ላይ እንደገና መጫን ነበረባቸው። ያ የጠፋው ጊዜ ለቱርኮቹ መመሸጊያ ሆናቸው። በ1982 እንግሊዞች ከአርጀንቲና ጋር ሊዋጉ ወደ ፎክላንድ ደሴቶች ሲሄዱም በጥድፊያ የተጫነውን መሐል መንገድ አሴንሽን ደሴት ላይ ቆመው እንደገና አደላድለዋል። ለአንቺ መንኮራኩሮች መሐል መንገድ ላይ እንዲህ ያለ ማረፊያ አለ ወይ? ከሌለ መነሻው ላይ የተሠራ ስሕተት 40 ቀን ሙሉ አብሯቸው ይሄዳል።

ያው የ1982 ጦርነት ሌላም ያስተምርሻል። «አትላንቲክ ኮንቬየር» የተባለች የንግድ መርከብ ሄሊኮፕተሮችና ድንኳኖች ጭና ነበር። ግንቦት 25 ቀን በአርጀንቲና ሚሳይል ተመታች። ሦስት ቺኑክ ሄሊኮፕተር አብሯት ጠፋ፤ አንዷ የተረፈችው በዚያ ሰዓት አየር ላይ ስለነበረች ነው። በአየር ይሻገራል የተባለው እግረኛ ከነሸክሙ ረግረጉንና ዐለቱን በእግሩ አቋረጠው። አንድ ዓይነት ዕቃ ሁሉ አንድ መርከብ ላይ እንዳታደርጊ። ሐኪሞቹን በሦስት፣ ሁለቱን ትልልቅ ጀልባዎች በሁለት መንኮራኩር ለያዪያቸው። ወይም ታሪኩ ከጠየቀሽ እያወቅሽ አንድ ላይ አድርጊያቸውና ያንን መንኮራኩር አስመቺው፤ አንባቢው ያኔ ምን እንደጠፋ ይገባዋል።

40 መንኮራኩር በዛብኝ ካልሽ መቀነሻው ሁለት መንገድ ነው፤ ሁለቱንም ታሪክ ያውቃቸዋል። አንደኛው መሣሪያውን እዚያው ቀድሞ ማስቀመጥ ነው። በ1951 የቃኘው ሻለቃ ከአዲስ አበባ በባቡር ጅቡቲ ወርዶ፣ በአንድ መርከብ ቡሳን ሲገባ የተጓዘው በዋናነት ሰው ነበር፤ መሣሪያውን ያገኘውና የሠለጠነበት እዚያው ኮሪያ፣ ከአሜሪካ ጦር ነው። ጸዳል ላይ ወዳጅ ወገን ካለሽ አሥሩ የተሽከርካሪ መንኮራኩር በሙሉ ይቀርልሻል፤ በምትኩ የማያውቁትን መሣሪያ የሚለምዱበት ሳምንታት ትሰጫቸዋለሽ። ሁለተኛው እዚያው መግዛት ነው። ናፒየር አገሬው የሚቀበለው ማርያ ቴሬዛ ብር መሆኑን አውቆ ብሩን በሣጥን አስጭኖ መጣ፤ በመንገዱ እህልና መጓጓዣ ገዛበት። በትግራይ በኩል ያለፈውም ኋላ አፄ ዮሐንስ ከሆኑት ከደጃዝማች ካሣ ጋር ተስማምቶ ነው። የጸዳል ሰው የሚቀበለው ገንዘብ ምንድን ነው? ጨው ይሁን፣ መድኃኒት ይሁን፣ አንድ ቶን ከሱ ስንት ቶን እህል እንደሚያስቀር አስቢና ወስኚ። በጉልበት እንወስዳለን ካሉ ደግሞ ለዚያ የሚሰማራው ወታደር ከተዋጊው ቁጥር ይቀነሳል፤ መንገዱም ከዚያ ወዲያ ያለ ጠባቂ አይታለፍም።

የመጨረሻው ምልልሱ ነው፤ ረቂቅሽ ውስጥ ከሁሉ የበለጠ ያሳሰበኝም እሱ ነው። መንኮራኩሮቹ ጸዳል በደረሱበት ቀን መቁጠር ጀምሪ። ለማራገፍ 12 ቀን፣ ለመመለስ 40፣ እንደገና ለመጫን 8፣ ለመምጣት 40። ሁለተኛው ጭነት የሚደርሰው በ100ኛው ቀን ነው። የሰጠናቸው ቀለብ የ60 ቀን ነው። በመሐሉ ያለው 40 ቀን ባዶ ነው። ሌላ 40 መንኮራኩር ያለው መንግሥት ካልሆነ በስተቀር ይህን የሚሞላ ነገር የለም።

ጉሮሮን ማጥበብ ይቻላል፤ ግን መቼ? አዛዥሽ በ20ኛው ቀን ቀለቡን ግማሽ ብታደርገው የቀረው የ40 ቀን ስንቅ 80 ቀን ይሄድና በትክክል 100ኛው ቀን ላይ ያልቃል። እስከ 40ኛው ቀን ብትቆይ ግን የቀረው የ20 ቀን ስንቅ በግማሽም ተበልቶ 80ኛው ቀን ላይ ያልቃል፤ የመጨረሻው 20 ቀን ምንም የለም። ስለዚህ ትእዛዙ መውጣት ያለበት በ20ኛው ቀን ነው። በዚያን ቀን መጋዘኑ ሲያዩት ገና ሙሉ ይመስላል። ወርደው ከጨረሱ ገና ስምንት ቀናቸው ነው፣ ጦሩ እያሸነፈ ሊሆን ይችላል፣ ማንም አልራበውም። የስንቅና ትጥቅ ኃላፊው ወረቀቱን ይዞ አዛዧ ድንኳን ውስጥ ይገባል፤ ከውጭ የእራት ሰልፉ ድምፅ ይሰማል።

ያንን ክፍል ጻፊውና ላኪልኝ። የውኃውን ጉዳይና የመሬቱን ቆይታ ከወሰንሽ በኋላ ቁጥሮቹን እንደገና አብረን እንሠራቸዋለን።